የአካባቢ ምርጫ በማሽን ቢመጣ ቆጠራውን ማን ያያል?

በ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ዙሪያ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ በብዛት የሰማነው «ዲጂታል» የሚለውን ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የመራጮችንና የዕጩዎችን ምዝገባ በዲጂታል ሥርዓት ለማገዝ መዘጋጀቱን ይፋ ካደረገ ወዲህ ጉዳዩ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች የሻይ ቤት ወሬ ሆኗል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ በር ላይ ቆም ብሎ የሚያወራ ሰውም ያነሳዋል። አንዱ «እንግዲህ ኮሮጆ መገልበጥ ሊቀር ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኮሮጆውስ በዓይን ይታያል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ማን ያየዋል?» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ሐሳብ እየመዘንን አቋማችንን እናስቀምጣለን። አቋማችን አጭር ነው፦ ማሽን ይመዝግብ፣ ማሽን ውጤት ያስተላልፍ፤ ነገር ግን ተራው ነዋሪ በዓይኑ አይቶ ሊቆጥረው የሚችለውን ወረቀት አይተካ። ለአዳማና ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። የአካባቢ ምርጫው ራሱ የት ሄደ?

በቅድሚያ ምን እየመጣ እንደሆነ እንለይ

«ኤሌክትሮኒክ ምርጫ» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ምዝገባ ነው፤ የመራጩ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ በመዝገብ ደብተር ፋንታ በታብሌት ወይም በስልክ ሲያዝ ማለት ነው። ሁለተኛው ድምፅ መስጠቱ ነው፤ መራጩ በወረቀት ላይ ምልክት በማድረግ ፋንታ የማሽን ቁልፍ ሲጫን ወይም ስክሪን ሲነካ። ሦስተኛው የውጤት ማስተላለፍ ነው፤ በምርጫ ጣቢያ የተቆጠረው ድምፅ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ወደ ማዕከል ሲላክ።

በአገራችን እየገባ ያለው የመጀመሪያው ነው። ድምፅ የሚሰጠው ዛሬም በወረቀት ነው፤ ቆጠራውም በእጅ ነው። ስለዚህ «ድምፃችንን ማሽን ሊበላው ነው» የሚለው ስጋት አሁን ካለንበት ቀድሞ የሄደ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አገር ምዝገባውን ዲጂታል ካደረገ በኋላ የሚቀጥለው እርምጃ ውጤት ማስተላለፉን፣ ከዚያም ድምፅ መስጫውን ዲጂታል ማድረግ መሆኑን ሌሎች አገሮች አሳይተውናል። ጥያቄ የሚጠየቀው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ሳይሆን ከመገዛቱ በፊት ነው።

የዲጂታል ምዝገባ ጥቅም የማይካድ ነው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ 37 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የተመዘገበው በየምርጫ ጣቢያው በተያዘ ደብተር፣ በእጅ ጽሑፍ ነበር። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ደብተር ብቻ ያያል። አንድ ሰው በሁለት ጣቢያ ቢመዘገብ ደብተር ከደብተር ጋር የሚያመሳክር አልነበረም፤ መከላከያው ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም ብቻ ነበር። ዲጂታል መዝገብ ይህን ክፍተት ሊዘጋ ይችላል። የሞተ ሰው ስም፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም፣ የሌለ ነዋሪ ስም ቶሎ ይታያል። የሚታየው ግን መዝገቡን የሚያይ ካለ ነው።

ከ2005 ወዲህ ያልመጣው ምርጫ

የአዳማ ነዋሪ ለከተማው ምክር ቤትና ለቀበሌው ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በዚያ ምርጫ ሠላሳ ሦስት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው እኩል አይደለም ብለው ራሳቸውን አገለሉ። በመላ አገሪቱ በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ነበረበት። በአገሪቱ በነበረው ሁኔታ ምክንያት ተራዘመ፤ ከዚያም ደግሞ ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤቶቻቸውን መረጡ። አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌና ሻሸመኔ ግን ለፓርላማና ለጨፌ ኦሮሚያ ብቻ ነው ድምፅ የሰጡት። እሱም ቢሆን ኦነግና ኦፌኮ ያልተሳተፉበት፣ በብዙ የኦሮሚያ ምርጫ ክልሎች ለመራጩ ይህ ነው የሚባል አማራጭ ያልቀረበበት ምርጫ ነበር።

ይህ ማለት ዛሬ 30 ዓመት ያልሞላው የአዳማ ወጣት ለከተማው ምክር ቤት በሕይወቱ አንድም ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም ማለት ነው። በ2005 የተመረጡት ምክር ቤቶች የአምስት ዓመት ዘመን ካለቀ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዜጋው በየትኛውም የመንግሥት እርከን በየጊዜው በሚካሄድ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እነዚህ አንቀጾች በወረቀት ላይ እንዳሉ ቀርተዋል።

ለምን ይመለከተናል?

ሙስሊሙ ማህበረሰብ ከመንግሥት ጋር በየዕለቱ የሚገናኘው በፓርላማ አይደለም። የመስጂድ ቦታ ካርታ፣ የቀብር ቦታ፣ የመድረሳ ፈቃድ፣ የገበያ ቦታ ኪራይ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የዒድ ሶላት ሜዳ፤ ይህ ሁሉ የሚወሰነው በቀበሌ፣ በክፍለ ከተማና በከተማ አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ ነው።

የሸገር ከተማን እናስታውስ። በ2015 ዓ.ም. በአዲሱ የከተማ አስተዳደር ሥር መስጂዶች «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብለው ፈረሱ። በግንቦት ወር ከጁምዓ ሶላት በኋላ በአዲስ አበባ አንዋር መስጂድ አካባቢ በተነሳው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። ስለ መስጂዶቹ የካርታ ሁኔታ ማንም የፈለገውን ይከራከር። አንድ ነገር ግን አያከራክርም። ያንን ውሳኔ የወሰነውን የከተማ አስተዳደር ነዋሪው በአካባቢ ምርጫ አልመረጠውም፤ በአካባቢ ምርጫም ሊያወርደው አልቻለም። ቅሬታ የሚሰማበት የምርጫ በር ሲዘጋ ቅሬታው ወደ አደባባይ ይወጣል።

ስለዚህ የአካባቢ ምርጫ አቆጣጠር ለእኛ የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ የአዳማ ቀበሌ ውስጥ የጥቂት መቶ ሰዎች ድምፅ መቀመጫ ሊያስቀይር ይችላል። በአገር አቀፍ ውጤት ውስጥ የማይታይ ስህተት በቀበሌ ደረጃ ሙሉ ምክር ቤት ይለውጣል።

ወረቀትም ንጹሕ አልነበረም

ወረቀትን ስንደግፍ ያለፈውን አንረሳም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ሕዝቡ በሰልፍ ቆሞ የመረጠው በወረቀት ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ውጤቱ ዘገየ፣ በጣቢያ የተቆጠረውና በማዕከል የተነገረው አልተገናኘም የሚል ክርክር ተነሳ፣ ከዚያ የተከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል። በ2013 ዓ.ም.ም የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች ድምፅ አሰጣጥ ወደ መስከረም 2014 የተገፋው በድምፅ መስጫ ወረቀት ኅትመት ላይ በታየ ችግርና በምዝገባ ቅሬታ ሳቢያ ነው።

ታዲያ ወረቀት ምን ይዟል? አንድ ነገር ይዟል፦ ማስረጃ። በምርጫ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ቆጠራው በዚያው በጣቢያው ይካሄዳል። የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ሳጥኑ ይከፈታል፤ ወረቀቱ አንድ በአንድ ይታያል፤ ውጤቱ በቅጽ ተሞልቶ ይፈረማል፤ ግልባጩ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ይህን ለመከታተል የኮምፒውተር ዲግሪ አያስፈልግም። መቁጠር የሚችል ሰው ይበቃል። ጀበና ይዛ ቡና የምትሸጥ እናት፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የመድረሳ ኡስታዝ እኩል ያዩታል።

ጥርጣሬ የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ ከበሩ እስከ ማዕከሉ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂ ሊጠቅመን የሚገባው እዚያ ላይ ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ለሁሉም እንዲታይ በማድረግ። ጎረቤታችን ኬንያ ይህንን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች።

ጎረቤቶቻችን ያዩት

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ነሐሴ ወር ያካሄደችው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ወደ ማዕከል እንዲተላለፍ የተዘጋጀ ነበር። ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት የምርጫ ኮሚሽኑ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ክሪስ ምሳንዶ ተገድሎ ተገኘ። ከምርጫው በኋላ ተቃዋሚዎች ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑን «ሰርቨራችሁን ክፈቱ» ብሎ አዘዘ። ኮሚሽኑ ትእዛዙን በሙሉ አልፈጸመም። በዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው ፍርድ ቤት መስከረም 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘው። በአፍሪካ ፍርድ ቤት በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበትን ምርጫ ሲሰርዝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ኮሚሽኑ አሠራሩን ለወጠ። ከ46 ሺህ በላይ ጣቢያዎች በእጅ ቆጥረው የፈረሙባቸው ቅጾች ፎቶ በድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ተለቀቀ። ጋዜጠኛው፣ ተማሪው፣ ፓርቲው እያወረደ ራሱ ደመረ። አራት ኮሚሽነሮች በውጤቱ ላይ ቢያፈነግጡም፣ ክስ ቢቀርብም፣ ፍርድ ቤቱ ውጤቱን ሲያጸና መደገፊያው ያው በእጅ የተፈረመ ወረቀት ነበር። ቴክኖሎጂው ያው ቴክኖሎጂ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰርቨሩ ተዘጋ፤ በሁለተኛው ቅጹ ተከፈተ።

ናሚቢያ ደግሞ የአካባቢ ምርጫን በቀጥታ የሚመለከት ትምህርት ትታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላላ ምርጫን በኤሌክትሮኒክ ማሽን አካሄደች። ሕጓ ማሽኑ የወረቀት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይል ነበር፤ ሆኖም ማሽኑን የሚፈቅደው ክፍል ሥራ ላይ ሲውል ወረቀቱን የሚያስገድደው ክፍል ወደ ጎን ተተወ። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። የ2019ኙን የፕሬዚዳንት ምርጫ ግን አልሰረዘም፤ ከአሁን በኋላ ያለ ወረቀት አይሆንም አለ። በዚያው ዓመት በኅዳር የተካሄደው የክልልና የአካባቢ ምርጫ ወደ ወረቀት ተመለሰ።

በዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በተካሄደው ምርጫ ደግሞ የድምፅ መስጫ ማሽኖች በግለሰቦች እጅ ተገኙ። የምርጫ ኮሚሽኑ ራሱ በማጭበርበርና ማሽን በሕገ ወጥ መንገድ በመያዝ ምክንያት የ82 ዕጩዎችን ድምፅ ሰረዘ። ኮሮጆ ይሰረቃል ብለን ስንፈራ ማሽኑ ራሱ ቤት ለቤት ተገኘ።

ወደ ሰፊው ዓለም ብንሄድም መልሱ አይለወጥም። ሕንድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝቧን በማሽን ታስመርጣለች፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ግን መራጩ የመረጠው በወረቀት ታትሞ ለሰባት ሰከንድ እንዲታየውና በሳጥን እንዲቀመጥ አድርጋለች። በጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የድምፅ መስጫ ማሽኖችን ሕገ መንግሥቱን የሚጻረሩ ናቸው ብሏል። ምክንያቱም ተራው ዜጋ የተለየ ሙያ ሳይኖረው ዋና ዋናዎቹን የምርጫ ደረጃዎች ማረጋገጥ መቻል አለበት የሚል ነው። በቴክኖሎጂ የመጠቀው አገር ያንን ካለ፣ እኛ ለመጠየቅ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሲመጣ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለው መስመር ሕዝብ የሚንቀሳቀስበት መስመር ነው። አዳማ የባቡርና የፍጥነት መንገድ ከተማ ናት። ሞጆ ደረቅ ወደብ አላት። በመቂና በባቱ ዙሪያ የቲማቲምና የሽንኩርት መስኖ፣ የአበባ እርሻ አለ፤ የቀን ሠራተኛው ከደቡብ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ ይመጣል። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዷ አዳማ ናት።

በምርጫ ሕጉ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ አምጣ የተባለ፣ በአከራዩ ቤት ቁጥር የማይታወቅ ሰው ይህንን በምን ያስረዳል? በደብተር ዘመን መዝጋቢው ነዋሪውን በዓይን ያውቀው ነበር፤ ሽማግሌ ጠርቶ ያስመሰክር ነበር። ማሽን ግን ባዶ ሳጥን አይወድም፤ መረጃ ካልተሞላ «አይቀበልም» ይላል። በአካባቢ ምርጫ ውጤቱን የሚወስነው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ማን መዝገብ ውስጥ ገባ፣ ማን ቀረ የሚለው ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። አንድ ሰው በአማርኛ ሙሐመድ፣ በሌላ ሰነድ መሐመድ፣ በሦስተኛው ሞሐመድ ተብሎ ይጻፋል፤ በቁቤ ሲጻፍ ሌላ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሌላ ይሆናል። ዐብዱረሕማን፣ ዘይነብ፣ ፋጡማ፣ ሁሉም እንደ ጸሐፊው ይለያያሉ። ከተማዋ ራሷ በአንዱ ሰነድ ናዝሬት በሌላው አዳማ ናት፤ ባቱም ዝዋይ ናት። ኮምፒውተር እነዚህን ሁለት ሰዎች ናቸው ሊል ይችላል። በተቃራኒው በአንድ ቀበሌ ውስጥ መሐመድ አሕመድ ዓሊ የሚባሉ አራት የተለያዩ ሰዎች ሲገኙ «ተደጋጋሚ» ብሎ ሦስቱን ሊሰርዝ ይችላል። የተሰረዘው ሰው የሚያውቀው በምርጫው ቀን ሰልፍ ይዞ ጣቢያው ሲደርስ ነው። ማንም ሊጎዳው ያሰበ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ድምፁ ግን ጠፍቷል።

ሦስተኛው ፎቶና አሻራ ነው። ምዝገባው ፎቶ የሚጠይቅ ከሆነ ኒቃብ ለምትለብስ እህት ሴት መዝጋቢና ከሰው ዓይን የተከለለ ክፍል ያስፈልጋል። ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም፤ በመመሪያ ውስጥ አስቀድሞ ካልተጻፈ ግን በየጣቢያው እንደ መዝጋቢው ፍላጎት ይሆናል። የእጅ ሥራ ጣቱን የፋቀው የእርሻ ሠራተኛና አዛውንትም አሻራቸው ላይነበብ ይችላል። ማሽኑ «አላወቅሁህም» ሲል የሚከተለው አማራጭ ምንድን ነው?

አራተኛው ኔትወርክ ነው። በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። አዳማና ሻሸመኔ በዚያ ሰሞን ብዙ የጠፋባቸው ከተሞች ናቸው። ሰው ዘመዱን መጠየቂያ ባጣበት በዚያ ጊዜ ምርጫ ቢኖር ኖሮ በኢንተርኔት የሚላክ ውጤት ምን ይሆን ነበር? ኢንተርኔት የመዝጋት ሥልጣን ያለው መንግሥት ነው፤ በምርጫው የሚወዳደረውም ገዢው ፓርቲ ነው። ይህን የምንለው ማንንም በሌብነት ለመክሰስ አይደለም። ሥርዓት የሚሠራው ሰዎች ደግ ይሆናሉ ተብሎ ሳይሆን፣ ባይሆኑም እንዳይሳካላቸው ተብሎ ነው።

የተሰበሰበው መረጃ የት ያድራል?

ዲጂታል መዝገብ በየጣቢያው ካለ ደብተር በአንድ ነገር ይለያል። ደብተሩን ለመስረቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎችን መዞር ያስፈልጋል። ዲጂታሉ ግን በአንድ ቦታ ይከማቻል። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ምናልባትም ፎቶ። ይህ መረጃ በሌላ እጅ ቢገባ ስም በማየት ብቻ የማን ሰፈር በየትኛው ሃይማኖትና ብሔር እንደሚበዛ መለየት ይቻላል። ግጭት ባየባቸው ከተሞች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕግ የለም ማለት አንችልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የመቆጣጠር ኃላፊነቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የፋይዳ መታወቂያም የራሱ አዋጅ፣ ቁጥር 1284/2015፣ አለው። የሚቀረው ነገር የመራጩ መዝገብ ከየትኛው ሌላ መዝገብ ጋር እንደሚገናኝና እንደማይገናኝ በግልጽ መናገር ነው። የመራጭነት መብት የሕገ መንግሥት መብት ነው፤ ስልክ ለመግዛት ወይም ባንክ ለመክፈት ከሚጠየቅ ሰነድ ጋር ተጣብቆ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም አብሮ መጥፋት የለበትም።

ከራሳችን ምርጫ የተማርነው

ሙስሊሙ ማህበረሰብ ስለ ምርጫ አካሄድ ከማንም በላይ ልምድ አለው። በ2005 ዓ.ም. መስከረም ወር የተካሄደው የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሲካሄድ በመላ አገሪቱ የተነሳው ተቃውሞ ዋና ጥያቄ ምን ነበር? ምርጫው በመስጂድ ይሁን፣ ጀማዓው የሚያውቃቸውን ሰዎች በሚያውቀው ቦታ ይምረጥ የሚል ነበር። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ሳጥኑም ወረቀቱም ነበር። የጎደለው እምነት ነበር፤ ምክንያቱም ምርጫውን የሚያካሂደውና የሚቆጥረው አካል መራጩ ሊጠይቀው የሚችል አልነበረም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶች ሲካሄድ ያ የቆየ ጥያቄ ቢያንስ በቦታው ተመለሰ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሳጥንም ሆነ ማሽን ብቻውን ምርጫን ታማኝ አያደርግም። ታማኝ የሚያደርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያይ ምስክር መኖሩ ነው። ዲናችን በሱረቱል በቀራህ ስለ ብድር ሲያዝዝ እንኳ ይጻፍ፣ ምስክር ይቁም ይላል። በሁለት ሰዎች መካከል ላለ ገንዘብ ጽሑፍና ምስክር ከተጠየቀ፣ የአንድ ከተማ ሕዝብ አማና ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር ሊሰጥ አይገባም።

ምን እንጠይቅ?

በወ/ሮ ሜላትወርቅ ኃይሉ የሚመራው ምርጫ ቦርድ፣ የኦሮሚያ ክልልና በየከተማው የሚንቀሳቀሱ ፓርቲዎች ሊመልሱልን የሚገቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው ብለን እናምናለን።

1. የአዳማ፣ የሞጆ፣ የባቱ፣ የሻሸመኔና የሌሎቹ ከተሞች የአካባቢ ምርጫ መቼ ነው? ቀን ሳይቆረጥ ስለ ማሽን ማውራት ቤት ሳይሠራ ስለ መጋረጃ መነጋገር ነው።

2. በዲጂታል የተያዘው የመራጮች ስም ዝርዝር ከምርጫው በፊት ታትሞ በየጣቢያው ለሕዝብ እይታ ይለጠፋል ወይ? ስልክና ፎቶ ሳይወጣ ስም ብቻ ይበቃል።

3. ስሙ የተሰረዘ ወይም ያልተቀበሉት ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል ወይ? ይግባኝ የሚልበት ቦታና ቀንስ? ማሽኑ እንቢ ሲል በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለ ወይ?

4. በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው የተፈረመ ቅጽ ፎቶ በዚያው ምሽት ለሁሉም ይለቀቃል ወይ? ኔትወርክ ቢጠፋ የወረቀቱ ቅጽ የመጨረሻው ማስረጃ መሆኑ በመመሪያ ተጽፏል ወይ?

5. ወደፊት ድምፅ መስጫ ማሽን ቢታሰብ፣ ከግዢው በፊት ሕግ ይወጣል ወይ? መራጩ የሚያየው ወረቀት፣ በዕጣ በተመረጡ ጣቢያዎች የእጅ ቆጠራ፣ ማሽኑና ወረቀቱ ሲለያዩም ወረቀቱ እንዲረታ የሚል ድንጋጌ ይኖረዋል ወይ?

6. ሥርዓቱን የሠራው ማን ነው፣ የሚጠግነውስ፣ መረጃውን ማን ይከፍታል? ገለልተኛ ባለሙያዎችና የፓርቲ ወኪሎች ከምርጫው በፊት ሊፈትሹት ይፈቀድላቸዋል ወይ?

እነዚህ የተቃዋሚ ወይም የደጋፊ ጥያቄዎች አይደሉም። ያሸነፈው ወገንም የሚያስፈልገው የተሸነፈው የሚቀበለው ውጤት ነው።

ከመጠየቅ ጎን ለጎን ራሳችን የምንሠራው ሥራ አለ። ምዝገባ ሲከፈት በመጨረሻው ቀን አንሩጥ። ስማችን በመዝገቡ እንዴት እንደተጻፈ እንይ፤ ከመታወቂያችን ጋር ካልገጠመ እዚያው እናሳርም። እናቶቻችንና አዛውንቶቻችን ብቻቸውን እንዳይሄዱ እንርዳቸው። የተማሩ ወጣቶቻችን በሲቪል ማኅበራት በኩል ታዛቢ ይሁኑ፤ ፓርቲ ያላቸውም ወኪል ሆነው ይቀመጡ። ምሽት ላይ ቆጠራው ሲያልቅ በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በማስታወሻ ይዘን እንመለስና በኋላ ከተነገረው ጋር እናስተያየው። ከአንድ ቀበሌ አንድ ሰው ይህን ቢያደርግ፣ አዳማ ውስጥ ማንም ሰርቨር ብቻውን ሊነግረን የማይችለውን እናውቃለን።

አማናን ለባለቤቱ ማድረስ የታዘዝነው ነገር ነው። ድምፅም አማና ነው፤ ባለቤቱም ነዋሪው ነው። በወረቀት ይሁን በማሽን፣ ባለቤቱ ሊቆጥረው ያልቻለው አማና ደረሰ አይባልም። ወላሁ አዕለም።